የወንድ ጎጆ

እናንተ እዚህ የተወለዳችሁ ልጆች «ቢዱድ» ሲባል ኮሮና ነው ትዝ የሚላችሁ። እኔ ትዝ የሚለኝ የ2007 ፋሲካ ነው።

አሽዶድ ያኔ ሆስፒታል አልነበራትም፤ የራሷን ያገኘችው በ2017 ነው። ባለቤቴ የሐሞት ጠጠር ቀዶ ጥገና ያደረገው በሌላ ከተማ ነበር፤ በሁለት አውቶቡስ እየተመላለስኩ አስታመምኩት። በአምስተኛው ቀን ትኩሳት ተነሳበት። በማግስቱ ስደርስ አልጋው ላይ የለም። ልቤ ቀጥ አለ። ለካ ለብቻው ክፍል አስገብተውታል። በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ አሆቷ ቢጫ ካባና ጓንት አድርጋ ቆማለች። አንቺም ካልለበስሽ አትገቢም አለችኝ።

እኛ እኮ የሰጠነው ደም በስውር ሲደፋ እንደኖረ በ1996 የሰማን ሰዎች ነን። ኢየሩሳሌም ሰልፍ ወጥቼ ጭሱን ቀምሻለሁ። ታዲያ ምን ላስብ? አብረውት የተኙት ሁለት ነጮች እዚያው ናቸው፤ የተነጠለው ጥቁሩ ነው። ጓንቱን ወርውሬ ገባሁና በባዶ እጄ ግንባሩን ዳሰስኩት። ስወጣ ደግሞ፣ ይህን ስናገር አሁንም ያመኛል፣ በፊት ከጎኑ ይተኛ ለነበረው የሞሮኮ ሽማግሌ እንደ ልማዴ ብርቱካን ልጬ አጎረስኩት።

የምታስተረጉምልን ልጄ 13 ዓመቷ ነበር። ሐኪሙ «ሃይዳክ አሚድ» ሲል «መድኃኒት የማይገድለው ጀርም» አለችኝ። ስሙ ክሌብሴላ ነው። ጤነኛ ሰው ሆድ ውስጥ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ የተቀደደ፣ ቱቦ የተሰካለት ሰው ደም ውስጥ ከገባ ግን ይገድላል። ካርባፔነም የሚባለውን ብርቱ መድኃኒት ሳይቀር ያከሽፋል። ከአልጋ ወደ አልጋ የሚሄደው ደግሞ በብዛት በእጅ ነው። በእጅ! ልጄ በኋላ አንብባ እንደነገረችኝ፣ እስከዚያ መጋቢት መጨረሻ ድረስ በ27 ሆስፒታሎች 1,275 ሕመምተኞች ተይዘው ነበር። ጤና ሚኒስቴር የተገኘበት ሁሉ ይነጠል፣ የራሱ አሆት ትመደብለት ብሎ ያዘዘው በዚያው ወር ነው። ነጭ ጥቁር አልተባለም። በዓመቱ የአዲስ ታማሚው መጠን ወደ አምስት እጅ አንድ ወረደ።

ይህን ሁሉ ያኔ ማን ነገረኝ? ግን መረዳት አያቅተኝም ነበር። ጎንደር እያለን በወር አበባችን ጊዜ ሰባት ቀን የመርገም ጎጆ እንገባ ነበር። ዙሪያው ድንጋይ ይደረደራል፤ ምግባችንን ሳይነኩን ድንጋዩ አጠገብ አስቀምጠውልን ይሄዳሉ። ጎረቤቶቻችን እንኳ «አትንኩኝ» ብለው ይጠሩን ነበር። ባለቤቴ ትኩሳቱ ሲበርድለት በሩን አየና «ዛሬ ደግሞ የወንድ ጎጆ ተሠራ!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓንቱን አደረግሁ።

ሽማግሌውን ግን ዳግመኛ አላየሁትም። አልጋው ላይ ሌላ ሰው ተኝቶ ነበር። የት ሄደ ብዬ መጠየቅ ፈራሁ፤ እስካሁንም አላውቅም።

ባለቤቴን ያዳኑት ኮሊስቲን በሚባል፣ ኩላሊት ይጎዳል ተብሎ ተትቶ በነበረ አሮጌ መድኃኒት ነው። ኩላሊቱ እንደ ድሮው አልሆነም፤ ግን የልጁን ሠርግ አየ።

ለምርመራው ናሙና የሚወሰደው ከመቀመጫ ነው። ልጄ አፍራ «አባዬ፣ ሆድህን ሊያዩ ነው» አለችው፤ እሱም አሆቷ ስታገላብጠው ደንግጦ ጮኸ። በዚህ ስንት ዓመት ሳቅን! ሌላውን ግን የነገረችኝ ካገባች በኋላ ነው፤ እኔ ቤት እንጀራ እየጋገርን። ያን ቀን ሐኪሙ «አባትሽ ላይተርፍ ይችላል፣ ለእናትሽ ንገሪያት» ብሏት ኖሯል። እሷ ለእኔ የነገረችኝ «መድኃኒት ሊቀይሩለት ነው» ብላ ነበር።