ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ዋት

ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ሰው አዲስ ስፒከር አስገባ ከተባለ የሚከተለው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «ስንት ዋት ነው?» ድምፁ እንዴት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ባለፈው ዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ሽምብጥ ሰፈር በሚኖር አንድ የፊዚክስ መምህር ቤት ከሜሪላንድ የተላኩ ሁለት ትንንሽ የእንጨት ሳጥኖች ሲገቡም ጎረቤት የጠየቀው ይህንኑ ነው። መምህሩ አብሮ የመጣውን ወረቀት አገላብጦ «ሃያ አምስት» ሲል ሁሉም ሳቀ። ለሠርግ የሚከራየው ሞንታርቦ «ሺህ ዋት» የሚል ተለጥፎበት የለ!

ስሌቱ ግን ከሥሩ የተሳሳተ ነው። ስፒከር ላይ የሚጻፈው ዋት ሳይቃጠል ሊሸከመው የሚችለው ኃይል ነው እንጂ የሚሰጠው ድምፅ አይደለም። አምስት እንጀራ የሚበላ ሁሉ ጎበዝ አራሽ አይሆንም። ስለ ድምፁ የሚናገረው ቁጥር ሌላ ነው፤ አንድ ዋት ቢሰጡት በአንድ ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዲሲቤል ያሰማል የሚለው። ይህ ቁጥር በብዙ ርካሽ ዕቃዎች ሳጥን ላይ አይገኝም። ቢገኝም የሚያየው የለም።

ታናሽ ወንድሙ የላካቸው ስፒከሮች ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለስርጭት መኪኖቹ ያስነደፈው «ኤልኤስ 3/5 ኤ» የሚባለው ሞዴል ናቸው። ከጫማ ካርቶን ብዙም አይበልጡም። የተሠሩት ጠባብ መኪና ውስጥ ለሚቀመጥ ባለሙያ ነው፤ ከፊቱ ሆነው የሰው ንግግር ሳይዛባ እንዲያሰሙት። ዛሬ በውጭ አገር አዲስ ጥንድ ከ2,000 ዶላር በላይ ይሸጣል። በአንድ ዋት የሚሰጡት 83 ዲሲቤል ገደማ ነው፤ ይኼ ዝቅተኛ ነው። በሌላው ጫፍ ፖል ክሊፕሽ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1940ዎቹ የሠራው፣ ቁም ሣጥን የሚያህለው ክሊፕሽሆርን አለ፤ እሱ በአንድ ዋት ከ100 ዲሲቤል በላይ ይሄዳል። ልዩነቱ 20 ዲሲቤል ነው ቢባል እንኳ የመቶ እጥፍ ኃይል ማለት ነው። አንዱ በአንድ ዋት የሚያሰማውን ሌላው ለማሰማት መቶ ዋት ይጠይቃል። ሁለቱም በዓለም ላይ የሚወደሱ፣ ሰው እንደ ቅርስ የሚያወርሳቸው ስፒከሮች ናቸው።

ስለዚህ ስፒከርን ብቻውን ማወዳደር በሬን ያለ ጥማዱ እንደ መግዛት ነው። ወንድሙ አብሮ የላከው አምፕሊፋየር ትራንዚስተር የለውም፤ እንደ አምፖል በሚበሩ የብርጭቆ ቱቦዎች የሚሠራ ባለ 8 ዋት ነው። ማታ ሲበራ ያምራል። መምህሩ መጀመሪያ ያየው ግን ጀርባውን ነው። 120 ቮልት ይላል። እኛ አገር 220 ነው። ከአሜሪካ የመጣ ስንት ዕቃ በደረሰበት ቀን በስንቱ ቤት ጨሷል! ትራንስፎርመርና ስታቢላይዘር እስኪገዛ ድረስ ሳምንት ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ።

ሲበራ ድምፁ ለስላሳ ነበር። የድሮ ዘፈኖች፣ በተለይ በ1960ዎቹ በአማኃ እሸቴ ማሳተሚያ በሸክላ የወጡት ዓይነት፣ ደስ አሉ። ከዚያ የማኅሌት ቅጂ ተከፈተ። ጸናጽሉ ጥሩ፣ መቋሚያው ጥሩ፤ ከበሮው ሲመታ ግን ድምፁ ተሰነጠቀ። መምህሩ ወረቀት አወጣ። ኃይል በእጥፍ ሲያድግ የሚጨመረው 3 ዲሲቤል ብቻ ነው፤ ስለዚህ 8 ዋት ማለት ከአንድ ዋት በላይ 9 ዲሲቤል ብቻ ነው። 83 ሲደመር 9፣ 92። የከበሮ ምት ደግሞ ከዜማው አማካይ ድምፅ ብዙ ዘልሎ ለቅጽበት የሚወጣ ነገር ነው፤ ለዚያ ዝላይ ቦታ አልተረፈም። በዚያ ላይ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ከማይሉት የለንደንና የኒው ዮርክ ዓይነት ከተሞች በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ያው ስፒከር በዚያው ኃይል ጣና ዳር ሲያሰማ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ዲሲቤል ይቀንሳል። ፋብሪካው የለካው በእኛ አየር አይደለም።

ጓዳ ውስጥ አቧራ የጠጣ ባለ 60 ዋት የጃፓን ትራንዚስተር አምፕሊፋየር ነበር። ያ ሲገጠም ከበሮው ቀና አለ። ስልክ ተደወለ። ታናሽየው ተከፋ። «ጋሼ፣ ቱቦው እኮ ነፍስ አለው» አለ። ነፍስ የሚለውን ቃል በቀላሉ መናቅ አይገባም፤ ቱቦ በድምፁ ላይ የሚጨምረው ነገር አለ፣ ጆሮም ይወደዋል። ሆኖም ነፍስ ያለውም በሬ ከአቅሙ በላይ ሲጠመድ ይወድቃል። ተቃራኒውም አለ። በ1980ዎቹ አፖጂ ሲንቲላ የሚባል አሜሪካዊ ስፒከር ነበር፤ ኤሌክትሪክን የመቋቋም ኃይሉ አንድ ኦም ብቻ ስለሆነ ስንቱን ውድ አምፕሊፋየር አንበርክኳል። ድምፁን የሰሙ ግን ዛሬም ያወሩለታል።

ከበሮው ቀና አለ እንጂ ነገሩ አላለቀም። በዚያ ቤት እውነተኛዋ አድማጭ እናታቸው ናቸው። ሰማንያን አልፈዋል፤ ጉልበታቸው ቤተ ክርስቲያን አያደርስም፣ ዓይናቸውን የዓይን ሞራ ይዞታል። ያደጉት ዘጌ፣ ቡናው መካከል ነው፤ አባታቸው በጾም በገና ይደረድሩ ነበር። ስፒከሩ የተላከውም ለእሳቸው ነው። ሁለተኛው ሳምንት ላይ የበገና መዝሙር ተከፈተላቸው። ጥቂት አዳመጡና፣ «ጥሩ ነው ልጄ» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ግን አይነዝርም።»

በገና ምን እንደሆነ የሚያውቅ ይህ ፍርድ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይገባዋል። አሥሩ አውታሮች በድልድዩ ላይ የሚያልፉት ትንንሽ የቆዳ ቁርጥራጭ፣ እንዝራ፣ ተደርጎላቸው ነው። ያ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚነዝር ድምፅ የሚመጣው ከእሱ ነው። ካልነዘረ በገና አይደለም፤ ትልቅ ክራር ነው።

ልብ የሚሰብረው ነገር፣ ጎረቤቱና ዘመዱ በሙሉ ስፒከሩን በጣም ወዶታል። አሜሪካ መጣ፣ ዋጋው ተነገረ፣ ከዚያ ሁሉም «ሌላ ነው!» አለ። ይህ የእኛ ጉድለት ብቻ አይደለም። ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1994 ባሳተሙት ሥራ፣ አድማጮች ስፒከሮቹን እያዩ ሲፈርዱና መጋረጃ ተጋርዶ ሲፈርዱ ውጤቱ እንደሚለያይ አሳይተዋል፤ ልምድ ያላቸውም አላመለጡም። መምህሩ ይህን ስለሚያውቅ አንድ እሑድ የራሱን አሮጌ ስፒከርና አዲሱን ጋቢ ጋርዶ፣ ድምፃቸውን እኩል አድርጎ እንግዶቹን ጠየቀ። ግማሹ አሮጌውን መረጠ። ጋቢው ሲነሳ የተፈጠረውን ጭቅጭቅ መተው ይሻላል።

እናቲቱ ግን ሁልጊዜም መጋረጃ ውስጥ ናቸው። ሳጥኑን አያዩትም፣ ዋጋውን አልጠየቁም። የቱልና የባልደረቦቹ ጥናት ሌላም ነገር ይላል፤ መጋረጃ ሲጋረድ አብዛኛው ሰው የሚመርጠው በልኬት ሲታይም ሚዛኑን የጠበቀውን፣ ከፊት ብቻ ሳይሆን ከጎንም ወጥ ሆኖ የሚያሰማውን ስፒከር ነው። ልብና መለኪያው ብዙውን ጊዜ አይጣሉም ማለት ነው። ታዲያ በወረቀት ጥሩ የሆነው ስፒከር እዚህ ቤት ለምን አልነዘረም?

መምህሩ መለኪያ ማይክሮፎን ከዩኒቨርሲቲ ወዳጁ ተዋሰ። ለመለኪያ የሚለቀቀው ድምፅ «ሽሽሽ» የሚል፣ ክረምት ላይ ጢስ ዓባይን ከሩቅ እንደ መስማት ያለ ነው። (እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለተኛው ማመንጫ አብዛኛውን ውኃ ከወሰደው ወዲህ ፏፏቴው በበጋ ያን ድምፅ ብዙ ጊዜ ተነፍጎታል፤ ለአምፕሊፋየሩ መብራት የምንከፍለው ሌላ ዋጋ ነው።) መጀመሪያ እሱ ከሚቆምበት ለካ፤ መስመሩ የተስተካከለ ነው። ከዚያ እናቱ ከሚቀመጡበት ዱካ ላይ ለካ። ሦስት ሺህ ኸርዝ አካባቢ ጉድጓድ አለ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። እነዚህ ስፒከሮች ዝቅተኛውን ድምፅ በአንድ ክፍል፣ ከፍተኛውን በሌላ ክፍል ያሰማሉ፤ ሥራ የሚቀባበሉት እዚያው ሦስት ሺህ ኸርዝ አካባቢ ነው። ጆሮ ፊት ለፊታቸው ሲሆን ሁለቱ ድምፆች ይደጋገፋሉ። ስፒከሮቹ ግን ቡፌ ላይ ተሰቅለዋል፣ እናቲቱ ደግሞ መሬት በሚነካ ዱካ ላይ ናቸው፤ ከዚያ ሥር ሲሰሙ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። ሰው ሲያረጅ ቀድሞ የሚያጣው ከዚህ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ ነው። ስለዚህ ለእሳቸው የቀረው የበገና ንዝረት በሙሉ የሚያልፈው በዚያች ጠባብ በር ነበር። በሩ ተዘግቶባቸዋል። እሳቸው በአንድ ቃል የተናገሩትን ማይክሮፎኑ በመስመር ሣለው።

የማታው ጉዳይም አለ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ዳር ሰው ሰዓት እላፊ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ በር ዘግቶ፣ ድምፅ ቀንሶ ማዳመጥ ልማድ ሆኗል። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉት ሳይንቲስቶች ገና በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ በአጠቃላይ ሲቀነስ ጆሮ ከሁሉ በላይ የሚያጣው ወፍራሙን ነው። የበገናው ትልቅ አውታር መጀመሪያ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ከአደባባይ የሚሰማው ሞንታርቦ ይህ ችግር የለበትም፤ እሱ ድምፅ መቀነስን አያውቅም። በእርግጥ ደንብ አለ፤ የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ መመሪያ ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዲሲቤል ይላል። የሽምብጥን ቅዳሜ በዚያ ማይክሮፎን የሚለካ ሰው ቢገኝ ደግ ነበር።

የመጨረሻው ጥፋተኛ ሳሎኑ ነበር። አዲሱ ቤት ሴራሚክ፣ መስታወትና አሉሚኒየም ነው፤ ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ ይንቦጫረቃል። ጓሮ ያለው አሮጌ ቤት ግን ጭቃ ነው፣ ኮርኒሱ የተወጠረ አቡጀዲ። አቡጀዲው ድምፅ ይጠጣል፣ ጭቃውም ሸካራ ነው። ሰው ድሃ ቤት ብሎ ሊያፈርሰው ያሰበው ክፍል ለሙዚቃ ከሳሎኑ የተሻለ ነው።

በሆሳዕና ዋዜማ ሁለቱ ሳጥኖች ወደ ጓሮ ሄዱ። በጆሮ ቁመት፣ ማለትም በዱካ ቁመት፣ በሁለት የቡና ረከቦት ላይ ተቀመጡ፤ ለሁለት ሺህ ዶላር ዕቃ የማይመጥን ማቆሚያ ነው። ከሜሪላንድ ወንድሙ በስልክ እየሰማ ነበር። በገናው ተጀመረ።

እናቲቱ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። እጃቸው ነጠላቸውን ይዟል።

«እማዬ፣ አሁንስ?» አለ መምህሩ።

«ይነዝራል» አሉ። ቀጥለውም ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው፣ «አውታሩ ግን አንጀት አይደለም። የአባቴ የበግ አንጀት ነበር። ይኼ ናይለን ነው።»

ከስልኩ ውስጥ ታናሽየው፣ «ጋሼ፣ ምን አለች?» ይላል።