ድል አድርጎ የተሸነፈው ንጉሥ

ከመራዊ ተነሥቶ በባሕር ዳር በኩል ወደ ጢስ ዓባይ የሚወርድ መንገደኛ፥ ከፏፏቴው አጠገብ በአላታ ላይ ከድንጋይና ከኖራ የተሠራ አሮጌ ድልድይ ያገኛል። ማን አሠራው ብሎ ቢጠይቅ፥ በዐፄ ሱስንዮስ ትእዛዝ በ1618 ዓ.ም. ገደማ ተሠራ ይሉታል (ዘመኑ ሁሉ በእኛ አቈጣጠር ነው)። ሁለቱን የዓባይ ዳር ያገናኘው ንጉሥ በዚያው ዓመት በየካቲት ወር መኳንንቱንና ካህናቱን በደንቀዝ ሰብስቦ፥ በሮማው ሊቀ ጳጳስ ሥር እንዲያድሩ አስማለ። ድልድዩ እስከ ዛሬ አለ፤ መሐላው ግን ሰባት ዓመት እንኳ አልሞላም።

ሱስንዮስ ሰነፍ ንጉሥ አልነበረም። የዐፄ ልብነ ድንግል የልጅ ልጅ ልጅ ሲሆን፥ በሕፃንነቱ በኦሮሞዎች ተማርኮ በመካከላቸው አድጓል፤ የጦር ስልታቸውንም ከእነርሱ ተምሯል። በ1599 ዓ.ም. በጎጃም ጎል በተባለው ስፍራ ዐፄ ያዕቆብን ድል ነሥቶ መንግሥቱን አጸና። በዚያ ጦርነት ከንጉሡ ጋር ጳጳሱ አቡነ ጴጥሮስም ወደቁ። ድል አድራጊው ስመ መንግሥቱን ሥልጣን ሰገድ አሰኘ፤ ሥልጣን ሰገደለት ማለት ነው። የስሙን ትርጓሜ ኋላ ከደረሰበት ነገር ጋር አስተያይቶ መመልከት ለባለ ቅኔ የተተወ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ስለ ምን ከአባቶቹ ሃይማኖት ወጣ ቢባል፥ ነገሩ ሃይማኖት ብቻ አልነበረም። መኳንንቱ በየጊዜው ይሸፍቱበት ነበርና ከፖርቱጋል ወታደር አገኛለሁ፥ ዙፋኔም ይጸናል ብሎ ተስፋ አደረገ። ደግሞም ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው የኢየሱሳውያን መምህር አማርኛና ግእዝ ያወቀ፥ ትዕግሥተኛና ብልህ ሰው ነበረ። የመራዊው ቆጋ የሚገባበት የግልገል ዓባይ ምንጭ ካለበት ከግሽ ዓባይ በ1610 ዓ.ም. ከንጉሡ ጋር ደርሶ ያየውን ጽፏል። ንጉሡ የሮማን ሃይማኖት በግልጥ የተቀበለው በ1614 ዓ.ም. ሲሆን፥ ፓኤዝም በዚያው ዓመት ሞተ። ፓኤዝ በለዘብታ የጀመረውን፥ በ1617 ዓ.ም. የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ በችኰላ ሊፈጽመው ፈለገ። ሕዝቡ ዳግመኛ ይጠመቅ፥ ካህናቱም ዳግመኛ ይሾሙ፥ ግዝረት ይቅር፥ ቀዳሚት ሰንበት አትከበር፥ አጽዋማትና በዓላት እንደ ሮማውያን ቀመር ይሁኑ ተባለ። ባላገሩ ስለ ባሕርየ ክርስቶስ ሊቃውንቱ የሚከራከሩትን ሁሉ ባያውቅ፥ እናቱ ያስጾመችውን ጾም ያውቃል። ዳግመኛ ተጠመቅ ሲሉትም አባትህ አረማዊ ሆኖ ሞተ እንዳሉት ቈጠረው።

በኢትዮጵያ በዚያ ዘመን ንጉሥን ተው የሚል ፓርላማ አልነበረም፤ ተው ባይ ግን አልታጣም። ከሁሉ አስቀድሞ አማቹ ዮልዮስ ሸፈተና በ1609 ዓ.ም. ከአቡነ ስምዖን ጋር ሞተ። የቀዳሚት ሰንበት ነገር በተነሣ ጊዜ የዳሞት ባላገሮች ከመነኰሳት ጋር ሆነው ቢነሡ፥ የንጉሡ የእናት ልጅ ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ፈጃቸው። ቆይቶም ሌላው አማቹ ተክለ ጊዮርጊስ በትግሬ ተነሣ፤ ላስታ መልክዐ ክርስቶስን ይዞ ሸፈተ። በጣና ዳርና በደሴቶቹ ወለተ ጴጥሮስ፥ ባልዋ ከንጉሡ ባለሟሎች አንዱ ሲሆን፥ ቤትዋን ትታ መነኰሰች፤ በአደባባይ ቀርባም አልመለስም ብላ ወደ ግዞት ሄደች። ሰይፍ ያልያዘችው ሴት ሰይፍ ከያዙት አማቾቹ ይልቅ ሳታስጨንቀው አልቀረችም።

ሜንዴዝ ኢትዮጵያ በገባበት ዓመት በእንግሊዝ አገር ቀዳማዊ ቻርልስ ነገሠ። እርሱም ንጉሥ ለእግዚአብሔር እንጂ ለሰው አይጠየቅም የሚል ነበር። ፓርላማውን ሳይጠራ 11 ዓመት ገዛ። በ1629 ዓ.ም. ስኮትላንዶች አዲስ የጸሎት መጽሐፍ እንዲቀበሉ ቢያስገድድ ተነሡበት፤ ለዘመቻው ገንዘብ ቢያጣ ግድ ሆኖበት ፓርላማውን ጠራ፤ ከዚያ ወዲያ ጠቡ እየከረረ ሄዶ በ1634 ዓ.ም. ጦርነት ሆነ። ተሸንፎ ከታሰረ በኋላ እንኳ ከስኮትላንዶች ጋር በስውር ተዋውሎ ሁለተኛ ደም አፋሰሰ። ከፍርድ ሲያቀርቡት በማን ሥልጣን ትጠይቁኛላችሁ ብሎ መልስ ነፈገ፤ በ1641 ዓ.ም. በለንደን በገዛ አዳራሹ ደጃፍ አንገቱ ተቈረጠ።

ሱስንዮስን ግን ያንበረከከው ድሉ ነው። በሰኔ 1624 ዓ.ም. የላስታው መልክዐ ክርስቶስ ሠራዊት ወይና ደጋ ላይ ገጠመውና ተሸነፈ፤ ስምንት ሺህ ያህል ሰው ወደቀ ይባላል። በማግሥቱ ልጁ ፋሲልና መኳንንቱ ሽማግሌውን ንጉሥ ሬሳው ወደ ተነጠፈበት ሜዳ ይዘውት ወጡ። እኒህ የሞቱት እስላም ወይም አረማዊ አይደሉም፥ ክርስቲያን ናቸው፥ የእኛው ወንድሞች ናቸው፤ እንዲህ ያለው ድል ሽንፈት ነው ብለው ነገሩት። ከዚያ ቀደም ብዙ ድል ያየው ንጉሥ ያን ቀን እልል አላለም።

በዚያው ወር ዐዋጅ አስነገረ። ይህን ሃይማኖት መልካም ነው ብለን ሰጠናችሁ፥ ስለ እርሱ ግን ብዙ ሰው አለቀ፤ እንግዲህ የአባቶቻችሁን ሃይማኖት መልሰንላችኋል፥ ካህናቱም ወደ አብያተ ክርስቲያናቸው ይግቡ የሚል ነበር። የሞቱትንም ሲቈጥር ዮልዮስንና ተክለ ጊዮርጊስን በስም ጠራ፤ የገደላቸው ራሱ ነበረ። ዘውዱን ለፋሲል ሰጠ። ሜንዴዝና ባልንጀሮቹ ጥቂት ቆይተው ከአገር ተባረሩ፤ ራስ ሥዕለ ክርስቶስም አልመለስም ቢል ሀብቱን ተወርሶ ተጋዘ።

ንጉሡ ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ያህል ብቻ ኖረ። ለሕዝቡ የመለሰውን ሃይማኖት ለራሱ አልመለሰም፤ በ1625 ዓ.ም. መባቻ፥ በመስከረም ወር፥ ከሮማ ሃይማኖት ሳይወጣ ሞተ። ፋሲልም አባቱን በክብር ወስዶ በአዘዞ ገነተ ኢየሱስ ቀበረው።