የሱቅ ዐረቢው አባወራ

ካርቱም የኖረ ሐበሻ የመሀል ከተማውን ገበያ፣ ሱቅ ዐረቢን፣ ሳይረግጥ አልኖረም። ዶላር የሚመነዝር ወደዚያ ይወርድ ነበር፤ አውቶቡስ የሚይዝ ወደዚያ ይወርድ ነበር፤ ለእህቱ ሰርግ ወርቅ የሚገዛ ዒማረት አል-ዘሀብ ደጃፍ ቆሞ ዋጋ ይጠይቅ ነበር። በታላቁ መስጊድ ዙሪያ የሻይ ሴቶቹ ከሰላቸውን አቀጣጥለው፣ ቅርንፉዱና ዝንጅብሉ እየሸተተ፣ ሰው በሰው ላይ ይተራመስ ነበር። ከዚያ ግርግር ብዙም ሳይርቅ፣ ዙበይር ፓሻ መንገድ ላይ፣ አክሮፖል የሚባል ሆቴል ነበር። ዛሬ የምጽፈው ያንን ሆቴል ስላቆመው ሰው፣ ስለ ፓናጊስ ፓጉላቶስ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆች እጠራለሁ፤ በእኛ ስጠራ እናገራለሁ።)

«ስለ አንድ ግሪካዊ ነጋዴ እኛ ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ሁለት ነገር ያገባናል። አንደኛው የ77ቱ (በእኛ) ድርቅ ነው፤ እመለስበታለሁ። ሁለተኛው ደግሞ ሰውየው ከሞተ በኋላ ቤቱ እንዴት ጸንቶ እንደቆመ ነው። በእኛ ነጋዴዎች ቤት ብዙ ጊዜ የማይሆነው ይኸው ነውና።

ፓናጊስ የኬፋሎኒያ ደሴት ልጅ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተጎሳቆለች አገሩ ወጥቶ ካርቱም ሲገባ ሱዳን በእንግሊዞች እጅ ነበረች። ቀን በእንግሊዞቹ አስተዳደር ተቀጥሮ ይሠራል፤ ማታ ደግሞ የግለሰቦችን ሂሳብ ይይዛል። በዚያ ባጠራቀመው ገንዘብ ከገዥው ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት የምሽት ክበብ ከፈተ። ገዥው ጫጫታው አስቸገረኝ ብሎ አዘጋበት። እሱም አላኮረፈም፤ መጠጥ መሸጫ ከፈተ። ከዚያ በ1952 ከባለቤቱ ከፍሎራ ጋር አክሮፖልን ጀመረ። ስደተኛ ሆኖ ንግድ የጀመረ ሁሉ ይህን መንገድ ያውቀዋል፦ ቀን ለሰው፣ ማታ ለራስ፤ አንዱ ሲዘጋ ሌላውን መክፈት።

ሱዳን በ1956 ነጻ ወጣች። እንግሊዞቹ ሄዱ፤ እሱ ከነቤተሰቡ ቀረ። በ1967 ሞተ። አስቡት፤ ሆቴሉን የመራው ለ15 ዓመት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እኛ ዘንድ ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚያበቃው በዚህ ጊዜ ነው። አባት ይሞታል፤ ድንኳን ይተከላል። ሣልስቱ ሳይወጣ አበዳሪ ነኝ ባይ ይመጣል። ባለቤቱ የዱቤ ደብተሩ የት እንዳለ አታውቅም። ማን እንደተበደረ፣ ማን እንዳበደረ፣ ዕቁቡ ስንተኛ ዕጣ ላይ እንደደረሰ በሟቹ ራስ ውስጥ ነበር፤ አብሮት ተቀበረ። በዓመቱ ወንድማማቾች ፍርድ ቤት ይቆማሉ፤ ሱቁ ይሸጥና ለድርሻ ይከፋፈላል። ብርቱ ነጋዴ ነበር፣ ልጆቹን የሚወድ ነበር እያልን እናለቅስለታለን፤ የወደዳቸውን ልጆች ግን ሥራውን አላሳያቸውም።

የፓጉላቶስ ቤት አልተከፋፈለም። ፍሎራና ሦስቱ ወንዶች ልጆች፣ ታናሲስ፣ ማኪስ እየተባለ የሚጠራው ጌራሲሞስና ጆርጅ፣ ሆቴሉን አብረው ያዙ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የምንለውን እነሱ ኖሩት። የመጣባቸው አንበሳም አንድ ብቻ አልነበረም።

በ1970 የሱዳኑ መሪ የኒሜሪ መንግሥት ባንኮችንና ትልልቅ የውጭ ኩባንያዎችን ወረሰ፤ ከካርቱም ግሪኮችም ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ አገሩን እየለቀቁ ሄዱ። የእኛን የፒያሳ ግሪኮችና አርመኖች ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ያየ ሰው ይህ እንዴት እንደሚሆን አይነገረውም። በ1983 ደግሞ ሸሪዓ ታወጀ፤ የካርቱም መጠጥ ናይል ውስጥ ተደፋ። ከመጠጥ ንግድ ለተነሳ ቤተሰብ ይህ የገቢ በር መዘጋት ነው። በግንቦት 7 ቀን 1980 በእኛ አቆጣጠር፣ አቡ ኒዳል የሚባለው የፍልስጤም ታጣቂ ቡድን ሰዎች ሆቴሉ ውስጥ ቦምብ አፈነዱ፤ 7 ሰው ሞተ፤ 5ቱ እንግሊዛውያን፣ 2ቱ ሱዳናውያን። ከሟቾቹ መካከል ሕፃናት ነበሩ። ቤተሰቡ ከዚያ ሁሉ በኋላ እዚያው መንገድ ላይ ሥራውን ቀጠለ።

አሁን ወደ 77ቱ ልመለስ። ያን ጊዜ ከትግራይ፣ ከኤርትራና ከጎንደር በኩል ሕዝብ በእግሩ እየተጓዘ ምሥራቅ ሱዳን ይገባ ነበር። ኡም ራኩባና ወድ ሸሪፌ የሚሉትን የስደተኛ ካምፕ ስሞች ወላጆቻችሁን ጠይቋቸው። ከሰላና ገዳሪፍ በረሃብተኛ ተጥለቀለቁ። የእርዳታ ሠራተኛውና ጋዜጠኛው ደግሞ መጀመሪያ የሚያርፈው ካርቱም፣ እነ ጆርጅ ቤት ነበር። ሆቴሉ ቅንጡ አልነበረም። ከተማው ውስጥ የሚሠራ ስልክ ብርቅ በሆነበት ዘመን እዚያ ስልክና ቴሌክስ ነበር። እንግዳውን ከኤርፖርት ይቀበሉታል፤ ፖሊስ ዘንድ ያስመዘግቡታል፤ የጉዞና የፎቶ ፈቃድ ያስጨርሱለታል፤ መኪና ያፈላልጉለታል። ሱዳን ውስጥ በወረቀት ጉዳይ ከቢሮ ቢሮ የተንከራተተ ሰው ይህ ስንት ቀን እንደሚያተርፍ ያውቃል። ረሃብ ላይ ለወደቀ ሰው ደግሞ አንድ ቀን ትልቅ ነው። ለረሃቡ ገንዘብ ያሰባሰበው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ የላከላቸው የምስጋና ደብዳቤ ሆቴሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖሯል። የምስጋናው አንዱ ድርሻ ከእኛም መሄድ ነበረበት።

ይህን ሁሉ የሠሩት ልጆቹ ናቸው፤ አባትየው ከሞተ 17 ዓመት አልፎት ነበር። ታዲያ ለምን አባትየውን አስታውሳለሁ? የነጋዴ አባት ምስክር ከሞተ በኋላ የሚታየው ነገር ስለሆነ ነው። በቀብሩ ዕለት የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ሁልጊዜም ያማረ ነው። ማንም በቀብሩ ላይ ክፉ ሆኖ አያውቅም። አሥር ዓመት፣ ሃያ ዓመት አልፎ ልጆቹ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ሲሠሩ፣ እንግዳ በክብር ሲያስተናግዱ ካየሁ ግን ያ ሰው አባወራ ነበር እላለሁ።

ነገሩን አላሳምረውም። የአውሮፓ ሰው መሆን በካርቱም ሚዛን ላይ ክብደት ነበረው። በሚያዝያ 7 ቀን 2015 (በእኛ) የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ይህ ታየ። ቀኑ ቀዳም ሥዑር ነበር፤ ለግሪኩም ለሐበሻውም የፋሲካ ዋዜማ። ዶሮ ተገዝቶ፣ ጠላ ተጠምቆ ሳለ ከተማው በጥይት ተናወጠ። ታናሲስ በዚያን ጊዜ 79 ዓመቱ ነበር። ያለ መብራት፣ ያለ በቂ ውሃ፣ ከጥቂት ሰዎች ጋር ሆቴሉ ውስጥ ለቀናት ታፍኖ ከቆየ በኋላ ወጥቶ አቴንስ ገባ። የእኛ ሰው ግን በአብዛኛው በራሱ እግርና በራሱ ገንዘብ ወደ መተማ ነው የተሰደደው። ሱቅ ዐረቢ ውስጥ ዕድሜ ልኩን የደከመ ሱዳናዊ ነጋዴ ደግሞ ሱቁ ሲዘረፍና ሲቃጠል ማየት ነበረበት፤ ለእሱ የሚመጣ አውሮፕላን አልነበረም። የእነዚያም አባወራዎች ስም ሊጻፍ ይገባል። የሱዳን ጦር የከተማውን መሀል መልሶ የያዘው በማርች 2025 ነው፤ ወደ ገበያው የተመለሰው ሰው ያገኘው ፍርስራሽና የተቃጠለ ግንብ ነው።

አክሮፖል ከ1952 እስከ 2023 ዘለቀ፤ 71 ዓመት። አባትየው ከዚህ ውስጥ 15ቱን መራ፤ 56ቱን የያዙት ሚስቱና ልጆቹ ናቸው። ስለ ፓናጊስ ፓጉላቶስ ከዚህ የተሻለ ምስክርነት የለኝም።

ወዳጆቼ፣ ሱቅ ያላችሁ፣ ሆቴል ያላችሁ፣ መርካቶም ሁኑ ጁባ፣ ዱባይም ሁኑ ዋሽንግተን፤ ዛሬ ማታ ባለቤታችሁንና ልጆቻችሁን አስቀምጡና የዱቤ ደብተሩን ግለጡላቸው። ማን ዘንድ ስንት እንዳላችሁ፣ ለማን ስንት እንዳለባችሁ ንገሯቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጃችሁ ባንኮኒው ኋላ ይቁም፤ ደንበኛ ሲቆጣ እንዴት እንደምትመልሱ ይይ። ሙት ዓመት ከመደገስ ይህ ይበልጣል። ሱቅ ዐረቢ የሠራ አባት ያላችሁ ደግሞ ስሙንና የሱቁን ታሪክ ከታች ጻፉልን፤ ካልጻፍነው ይጠፋል። ነፍሳቸውን ይማር።