የአሮጌው ጊታር አንገትና ድምፅ

ስለ ኪነ ጥበብ በምንጽፍበትና በምንወያይበት ጊዜ አዘውትረን የምናነሣው ስለ ደራሲው፣ ስለ ድምፃዊውና ስለ ሠዓሊው ነው። የከበሮውን ቆዳ ማን እንደወጠረው፣ የክራሩን ቅምብር ማን እንደጠረበው፣ የጊታሩን ሽቦ ማን እንደበየደው የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። ይሁን እንጂ የሙዚቃ ሰው ስሜቱን ለአድማጭ የሚያደርሰው በእንጨትና በብረት አማካይነት ነው። እንጨቱ ሲጠም ዜማው አብሮ ይጠማል፤ ሽቦው ሲበጠስ የተጫዋቹ ትጋት ከጣቱ ጫፍ አያልፍም። በመሆኑም በጅማ ከተማ፣ በጊንጆ ጉዱሩ፣ አንድ አሮጌ የኤሌክትሪክ ጊታር አንገቱ ተለውጦና ድምፁ ታድሶ እንደገና ለመድረክ የበቃበትን ሥራ ማውሳት ከኪነ ጥበብ ወግ መውጣት አይመስለኝም።

ጅማ ለሙዚቃ ባዕድ ከተማ አይደለችም። የኢትዮ ጃዝ ፈር ቀዳጅ የሆነው ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1943 የተወለደው በዚችው ከተማ ነው። ወደ ብሪታንያ፣ ኋላም ወደ ቦስተን ተሻግሮ የተማረውን የሙዚቃ ዕውቀት ከአገሩ ቅኝቶች ጋር ያዋሐደበት መንገድ ዛሬ በዓለም የታወቀ ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ከወጣና ቀበሌዎች ከተደራጁ በኋላ ደግሞ፣ ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ርዕሰ ከተማ በነበረችበት በዚያ ዘመን፣ የኪነት ቡድኖች በየቀበሌው ተቋቋሙ። ብዙ ወጣት ጊታርን ለመጀመሪያ ጊዜ በእጁ የዳሰሰው በእነዚህ ቡድኖች ውስጥ ነበር። ቡድኖቹ ሲበተኑ መሣሪያዎቹ ግማሹ በመጋዘን በሰበሰ፣ ግማሹም ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ።

ስለ እርሱ የምጽፍለት ጊታር ከእነዚህ አንዱ ነው። የሠሪው ፋብሪካ ስም ከራሱ ላይ ተፍቆ ጠፍቷል። የገዛሁት በወጣትነታቸው ለኪነት ቡድን ሲጫወቱበት ከኖሩ አንድ አዛውንት ነው። የገዛሁትም ለራሴ አልነበረም። በሠፈራችን አራት ወጣቶች አንድ አነስተኛ ባንድ አቋቁመው፣ የሚመጣውን ጥር በሠርግ ሥራ ሊያሳልፉ አስበው ነበር። ዛሬ ደጋሹ አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ቀጥሮ፣ ከበሮውንም ባሱንም ጊታሩንም ከአንድ ሣጥን ማሰማት ይቀለዋል። እነዚህ ልጆች ከዚያ ሣጥን የሚለዩት ሕያው ጊታር በእጃቸው ሲኖር ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄው የአንድ አሮጌ ዕቃ ጥገና ሳይሆን፣ አራት ወጣቶች በሙያቸው እንጀራ የመብላታቸው ጥያቄ ነበር።

መሣሪያው ሁለት ዋና ሕመሞች ነበሩበት። አንደኛው አንገቱ ነው። የጅማ ክረምት ረጅምና እርጥብ ነው፤ እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ ይሸበሸባል። በዚህ ላይ ስድስት የብረት ክሮች ዓመት እስከ ዓመት ሲጎትቱት፣ በውስጡ ደጋፊ የብረት ዘንግ ያልነበረው ይህ አንገት እንደ ቀስት ጎበጠ፤ አልፎም ተጣመመ። ክሮቹ ከመዳፊያው እጅግ ስለራቁ ጣት ያቆስላሉ፤ ተጭነው ሲያዙም ከቅኝት ይወጣሉ። ሁለተኛው ፒክአፕ የሚባለው የድምፅ መቀበያው ነው። ወደ አንገቱ በኩል ያለው ፈጽሞ ሞቷል፤ ወደ ድልድዩ በኩል ያለው ድምፁ ከፍ በተደረገ ቁጥር ያፏጫል።

ሐሳቤን ለቀድሞው ባለቤት ባማከርኋቸው ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ። «ልጄ፣ አንገቱን ከለወጥኸው ያ ጊታር አይደለም» አሉኝ። «የእኔ ጣት ያረፈበት እዚያ ላይ ነው።» እኔም፣ «ጋሼ፣ እንዳለ ከተውነው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል እንጂ ማንም አይጫወትበትም» አልኋቸው። «ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቢያንስ ራሱን ነው» ሲሉ መለሱልኝ። መልሳቸው ቀላል አልነበረም። ቅርስን ስለ መጠበቅና ስለ ማደስ በየስብሰባው የምንከራከርበት ጉዳይ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ተጠቃሎ ቀርቦልኝ ነበር።

አዲስ አንገት ከውጭ አገር ማስመጣት ይቻል ነበር። ነገር ግን የውጭ ምንዛሪውንና የመንገደኛ ዘመድ ቸርነት መጠበቁን ሳሰላው «ላም አለኝ በሰማይ» ሆነብኝ። ስለዚህ ወደ አንድ የከተማችን አናጢ ዘንድ ሄድሁ። ጅማ በእንጨት ሥራ የቆየ ስም አላት፤ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው ባለ ሦስት እግር በርጩማዋ በአገር የታወቀ ነው። በመጀመሪያ ዋንዛ አነሣሁ። አናጢው ሣቁ፤ «ዋንዛ ለቀፎና ለከበሮ፣ ለአልጋና ለቁምሣጥን ይሆናል፤ ለአንገት ግን ይለዝባል» አሉኝ። ከፈረሰ ቤት የወጣ አንድ የጥቁር እንጨት አግዳሚ አወጡ። ለብዙ ዓመታት በጣራ ሥር የደረቀ እንጨት ነውና ከእንግዲህ የመጣመም ጠባዩን ጨርሷል። የቆመ ጥቁር እንጨት ከደናችን እየተመናመነ ባለበት ጊዜ አዲስ ዛፍ አለመቆረጡም ሌላ ትርፍ ነበር።

አናጢው አግዳሚውን በቁመቱ ሦስት ቦታ ሰንጥቀው፣ የመካከለኛውን ጭረት አቅጣጫ ገልብጠው በኮላ አጣበቁት። አንዱ ወደ ግራ ልጠምም ሲል ሌላው ወደ ቀኝ ይይዘዋል። በመካከሉ ቦይ ተፈልፍሎ፣ በቶርኖ ቤት ጫፉ ጥርስ የወጣለት የብረት ዘንግ ገባበት። ዘንጉ ሲጠበቅ የክሮቹን ጉተታ በተቃራኒ ይገፋል፤ በክረምትና በበጋም በመጠኑ እየተጠበቀና እየላላ ይስተካከላል። ለመዳፊያው ገጽ ደግሞ ጣት ቶሎ የማይበላው ጠንካራ የወይራ ሳንቃ ተለጠፈበት።

ከዚያ በኋላ ያለው የሒሳብ ሥራ ነው። በዚህ ጊታር ላይ ነፃ ሆኖ የሚርገበገበው የክር ርዝመት 648 ሚሊ ሜትር ነው። የፍሬቶቹን ቦታ ለማግኘት ርዝመቱ ለ17.817 ይካፈላል፤ የመጀመሪያው ፍሬት ከራሱ በኩል 36.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከተረፈው ርዝመት እንደገና በዚያው ቁጥር እየተካፈለ ይቀጥላል። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት በትክክል በግማሹ፣ በ324 ሚሊ ሜትር ላይ ካልዋለ አንድ ቦታ ስሕተት አለ ማለት ነው። አናጢው ይህን ሲሰሙ፣ «እንግዲህ ጊታርም እንደ ደረጃ ነው፤ አንዱ እርከን ከተዛባ ወጪው ይሰናከላል» አሉ። ይህን ሥሌት በክፍል ውስጥ የሚያስተምር መምህር ቢገኝ ተማሪው የጂኦሜትሪን ተከታታይ ቁጥር በጆሮው ይሰማው ነበር እላለሁ።

የድምፅ መቀበያው ሥራ በሬዲዮ ጠጋኝ ሱቅ ተከናወነ። ፒክአፕ ማለት በማግኔት ዙሪያ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ የተጠመጠመ፣ ከጠጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ነው። የብረቱ ክር ከማግኔቱ በላይ ሲርገበገብ በሽቦው ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጥራል፤ ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 የደረሰበት ሕግ ነው። ጠጋኙ በቴስተር ሲለካው የሞተው ፒክአፕ ሽቦ መበጠሱ ታወቀ። በእርሱ ቦታ ሁለት ጥቅል ያለው፣ ሁምባከር የሚባል ዓይነት ከአዲስ አበባ ተገዝቶ መጣ። ሁለቱ ጥቅሎች በተቃራኒ አቅጣጫ የተጠመጠሙ፣ ማግኔታቸውም የተገለበጠ ስለሆነ፣ ከመብራት መስመሩ የሚገባው የ50 ዙር ጉምጉምታ እርስ በርሱ ይጣፋል፤ የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል። ሴት ላቨር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1955 ለጊብሰን ፋብሪካ የሠራው ዘዴ ነው።

የሚያፏጨውን ግን አልጣልነውም። የሚያፏጨው የላላው ሽቦ ራሱ በድምፅ ማጉያው ኃይል ስለሚንቀጠቀጥ ነው። መድኃኒቱ ሰም ነው፤ የጅማና የአካባቢዋ ጫካ ደግሞ የማርና የሰም አገር ነው። አራት እጅ የሻማ ሰም ከአንድ እጅ የንብ ሰም ጋር ተቀላቅሎ፣ በቀጥታ እሳት ላይ ሳይሆን በሙቅ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ጣሳ ቀለጠ። ሙቀቱ ከ65 ዲግሪ ብዙ እንዳያልፍ እየተጠበቀ ፒክአፑ ተነከረ። ከውስጡ የሚወጣው የአየር አረፋ እስኪያቆም ድረስ ቆይቶ ሲወጣ ሽቦው በሰም ታስሮ ጸጥ አለ። አሮጌው ድምፅ ፉጨቱን ትቶ ቀረ።

ጊታሩ ተገጣጥሞ ያለቀ ዕለት ከልጆቹ አንዱ በመጀመሪያ ትዝታን፣ ቀጥሎም ባቲን ተጫወተበት። ክራር መቺ ክሮቹን በጆሮው ስለሚቃኝ ለእያንዳንዱ ቅኝት የራሱን ስፋት ይሰጣል፤ የጊታር ፍሬት ግን ኦክታቩን በአሥራ ሁለት እኩል ቦታ ቆርጦ አስቀምጦታል። ያገራችን ጊታር ተጫዋቾች ይህን ጉድለት ያሸነፉት ክሩን በጣታቸው ገፋ አድርገው ድምፁን በማንሣት ነው። ክሮቹ ከመዳፊያው በራቁበት በጎበጠ አንገት ይህ አይቻልም ነበር፤ በአዲሱ ላይ ተቻለ። አዛውንቱ እስኪያልቅ ድረስ አዳመጡ። በሁምባከሩ በኩል ሲመታ፣ «ይህን አላውቀውም» አሉ። በአሮጌው ፒክአፕ በኩል ሲመታ ዝም አሉ። ሲነሡ አሮጌውን አንገት ለመኑኝ፤ ሰጠኋቸው። እኔም እርሳቸውም ተሸነፍሁ አላልንም።

ከዚህ ሥራ የወሰድሁት ትምህርት አንድ ነው። ይለወጥ ወይስ ይጠበቅ የሚለው ክርክር በጥቅል ሲነሣ ማለቂያ የለውም፤ ካቻቢቴ ተይዞ በእያንዳንዱ አካል ላይ ሲነሣ ግን መልስ አለው። የጎበጠው አንገት ይለወጣል፣ የተበጠሰው ሽቦ ይተካል፣ የላላው ግን በሰም ይጠብቃል እንጂ አይጣልም። ሙላቱም ቪብራፎኑን ሲያመጣ አንቺ ሆዬን አልጣለም። በየከተማው አናጢ፣ ቶርኖ ሠራተኛና ሬዲዮ ጠጋኝ አሉን፤ የጎደለው እነዚህን ከሙዚቃ ተጫዋቹ ጋር በአንድ ጠረጴዛ የሚያገናኝ ነው። የባህል ቢሮዎች፣ የሙያ ማሠልጠኛዎችና የኪነት ሰዎች በመጋዘን የተረሱትን መሣሪያዎች አውጥተው ቢመረምሩ፣ ገና ያልተሰማ ብዙ ድምፅ ከአቧራው ሥር እንደሚገኝ አምናለሁ።