የሩቅ እንግዳ

ሐሙሲት፣ ሰኞ ጥር 15 ቀን 2015 ዓ.ም.

የእኅቴ ሠርግ እሑድ ነው። ዳሱም ጠላውም ባለቤት አለው፤ ለእኔ የደረሰኝ የሩቅ እንግዳ ማሳደር ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከደሴ፣ ከጎንደር ይመጣሉ፤ አንዱ አጎታችን ደግሞ ከነልጆቹ ከአሜሪካ። ዘንድሮ ጾመ ነነዌ ጥር 29 ስለሚገባ ሠርገኛው ሁሉ በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ተጨናንቋል። ጥምቀትን ጎንደር ያከበረው ጎብኚም ወደ ባሕር ዳር ወርዷል። ጠዋት እዚያ ጣና ሐይቅ ዳር ያሉ ሆቴሎች ጋ ስደውል የብዙዎቹ መልስ “አልጋ ተይዟል” ነው።

ቢገኝስ? ባሕር ዳር ከዚህ ሠላሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። ለወጣት ምንም አይደለም። ሽማግሌ ግን ሌሊት ከዳስ ተነሥቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ ሆቴል ይግባ ማለት ሠርጉን በግማሽ መከልከል ነው። ሠርጉ ያለው ከምሳው በኋላ፣ ዘመድ ከዘመድ ጎን ተቀምጦ “አንተ የማን ልጅ ነህ?” ሲባባል ነው። ስለዚህ ትልልቆቹን እዚሁ ሰፈር፣ ወጣቶቹን ባሕር ዳር ብዬ ከፈልኩ።

ረቡዕ ጥር 17

ጎረቤት ለጎረቤት ዞርኩ። ስለ አልጋ ገና አፌን ስከፍት እሺ የሚሉ ናቸው። ከቤታችን በላይ ያሉት እናት ፍራሻቸውን አውጥተው ፀሐይ ላይ ዘርግተው፣ በዱላ እየደበደቡ አቧራውን ያራግፋሉ። አዲስ አንሶላ ከሣጥን ወጥቶ አጥሩ ላይ ተሰጥቷል። “እርስዎስ የት ሊተኙ ነው?” አልኳቸው። “እኔማ ከልጆቹ ጋር መደብ ላይ። አልጋው የእንግዳ ነው፣ ልጄ።” ገንዘብ ላንሣ ብል እንደሚቀየሙ ስለማውቅ ዝም አልኩ። ውኃ ቢጠፋ ብዬ ለየቤቱ ሁለት ሁለት ጀሪካን አስሞላሁ። ደረጃ መውጣት የማይችለውን፣ መድኃኒት የሚወስደውን፣ ሌሊት ወደ ውጭ የሚወጣውን ለየብቻ ጻፍኩ፤ እንዲህ ያለውን ሆቴል አይጠይቅም።

ዓርብ ጥር 19

ለአዲስ አበባዎቹ ደጋግሜ የነገርኳቸው አንድ ነገር ነው፤ አውቶቡሱ ባሕር ዳር በጊዜ ባይገባ ወደ ሐሙሲት የሚያመጣ ሚኒባስ ይጠፋል። ስለዚህ መኪና ለምኜ መናኸሪያ ሄጄ ጠበቅኋቸው። ቀኑ የጾም ነው። አብዛኞቹ ተጋቢኖ በሉ፤ ትኩሱ ሲንተከተክ ከነድስቱ ሲቀርብ የመንገዱን ድካም ረሱት። የጣና ዓሣ ያማራቸውን ለሰኞ ቀጠርኳቸው። አሜሪካ ያደጉት ልጆች ቀረሶ የሚባለው ዓሣ ከነአጥንቱ ተጠብሶ ሲቀርብ ማየት አለባቸው፤ እሾህ አልባ ቁራጭ ዓሣማ እዚያም ያገኛሉ።

ሰኞ ጥር 22

ሠርጉ ባማረ ሁኔታ አለፈ። ዛሬ ወጣቶቹና አሜሪካዎቹ “ጢስ ዓባይ እንሂድ” አሉ። በጥር አልመክርም አልኳቸው። ውኃው በበጋ ይሳሳል፣ ለኃይል ማመንጫም ይቀነሳል፤ ፏፏቴውን በግርማው ለማየት ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረምና ጥቅምት ነው። በጀልባ ዘጌ ወሰድኳቸው። ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት ስለማይገባበት ቤተሰብን ለሁለት ይከፍላል፤ የዘጌው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ሁሉም አብሮ ይገባል። በቡና ዛፎቹ መካከል ወጥተን፣ ጫማችንን አውልቀን ገባን። አጎቴ የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች አንድ በአንድ ለልጆቹ ሲተረጉም ባለጀልባው ሰዓት ቢቆጥርም አላቻኮልኩትም። ለዚህ ነው ከሠርጉ በኋላ እንጂ በፊት ጉብኝት የማልይዘው፤ በፊት ቢሆን ሁሉም ልቡ ዳሱ ጋ ነው።

ማክሰኞ ጥር 23

የደሴዎቹ “ነገ ባሕር ዳር ሄደን መኪና እንያዝ” ሲሉ አስቆምኳቸው። መንገዳቸው በወረታ፣ በደብረ ታቦር፣ በጋሸና አድርጎ ወልድያ ነው፤ ወደ ኋላ ምን አስመለሳቸው? ከባሕር ዳር የሚመጣው መኪና በደጃችን ያልፋል። ለአንድ ሹፌር ደውዬ አምስት ወንበር አስያዝኩ፤ ሲነጋጋ አስፋልቱ ዳር ከነስንቃቸው አቆማቸዋለሁ።