ጦቢያን እንደ ገና ስናነብ

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው፣ በልጅነታችን ከዳዊት ቀጥሎ ደጋግመን ያነበብነው መጽሐፍ ነው። ደራሲው በወረራው ዘመን ለጣልያን ማደራቸው የታወቀ ነው፤ ይህን ግን በዚያ ዕድሜ ማን ነግሮን! ውዳሴ ማርያም ደግመን ከመሪጌታ ፊት ስንለቀቅ ሽፋኗ ወደ ወለቀው መጽሐፍ እንሮጥ ነበር። ልባችንን የሰረቀችው ጦቢያ ናት፤ የወንድ ልብስ ለብሳ የጠፋ ወንድሟን ዋሕድን ከአባቷ ጋር ፍለጋ የወጣችው። እንዲህ ያለች ልጅ አያቶቻችን በምድጃ ዳር ከሚነግሩን ተረት የመጣች እንጂ ከሮማ ማተሚያ ቤት የወጣች አትመስለንም ነበር።

በቅርቡ ሂርና በምናስተምርበት ክፍል መጽሐፉን ድምፃችንን ከፍ አድርገን ማንበብ ጀመርን። ሂርና ከጭሮ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ በታኅሣሥ የቁልቢ ገብርኤል ተሳላሚ የሚያልፍባት፣ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ልጅ በአንድ ወንበር የሚማርባት የገበያ ከተማ ናት። «አረመኔ» ከሚለው ቃል ስንደርስ ከኋላ የተቀመጠ የሙስሊም ነጋዴ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ እኛን ማለቱ ነው?» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ቃሉ ለጣዖት አምላኪ የተነገረ እንጂ ለእነርሱ አለመሆኑን ነገርነው፤ ፊቱ ግን አልተፈታም።

ስለ ፍጻሜውም ዛሬ የምናስበው ሌላ ነው። ንጉሡ ጦቢያን ወድዶ ክርስቲያን ይሆናል፤ በልጅነታችን በዚህ እጅግ ደስ ብሎናል። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ንኡሰ ክርስቲያንን አስተምራ እንጂ የቆንጆ መልክ አሳይታ አታጠምቅም። እንዲህ ያለው ችኮላ ለተረት ይፈቀድለት ይሆናል።

አሁን ዓይናችን የሚያርፈው ቀድሞ እምብዛም ካላየነው ሰው ላይ ነው። የጦቢያ አባት በጦርነት ተማርከው ሳሉ የቤዛቸውን ገንዘብ የሰጠ አንድ ነጋዴ አለ። ዋሕድ ከቤቱ ወጥቶ የጠፋው ይህን ባለውለታ ሊፈልግ ነው፤ የጦቢያ ልብስ መለወጥ፣ ምርኮው፣ ሠርጉ ሁሉ ከዚህ ውለታ የተመዘዘ ነው።

ይህን ክፍል ባነበብን ዕለት ያ ልጅ ዳግመኛ እጁን አወጣ።

«ሳያስፈርም ነው የሰጠው?»

በነጻ መስጠቱን ነገርነው። ጥቂት አሰበና አባቱም በገበያ ቀን ቡና ለሚያመጡለት ሰዎች ሳያስፈርም ገንዘብ እንደሚሰጥ ተናገረ፤ «ስማቸውን ግን በደብተር ይጽፋል» አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ እርሱም አብሮ ሳቀ። በማግሥቱ ከፊተኛው ወንበር ተቀምጦ አገኘነው።