ለልጆች የሥዕል መጽሐፍ ስትመርጡ

ልጆቻችን እንግሊዝኛውን ከትምህርት ቤት ያመጡታል፤ ለእሱ አታስቡ። አማርኛውን ግን እኛ ካልሰጠናቸው፣ ከአያታቸው ጋር በስልክ "ሰላም ነው?" ተባብለው ዝም ይላሉ። እኔ እዚህ ዳላስ ምግብ ቤት ነው ያለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ለሚቆጥሩት ሕፃናት መጽሐፍ የምገዛው እኔ ስለሆንኩ፣ ስመርጥ የማየውን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ጽሑፉን በእጄ ሸፍኜ ሥዕሉን ብቻ አገላብጣለሁ። ሥዕሉ ታሪኩን ለእኔ ካልነገረኝ፣ ማንበብ ላልጀመረ የአራት ዓመት ልጅም አይነግረውም። ቀጥሎ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። እናት ለልጇ የምታወራው ዓይነት አማርኛ ካልሆነ፣ የዜና አማርኛ ከሆነ፣ እተወዋለሁ። በአንድ ገጽ ሁለት ሦስት መስመር ይበቃል፤ ፊደሉም ከኋላ ለተቀመጠ ልጅ እንዲታይ ጎላ ይበል።

በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ካገኛችሁ ደግሞ አትለፉት፤ አማርኛው የከበደው ልጅ በእንግሊዝኛው ተደግፎ ይከተላችኋል። በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይሠሩ የነበሩት አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ፣ በአገራችን ቋንቋ የልጆች መጽሐፍ ፈልገው ቢያጡ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የማሞ ቂሎን ተረት ከነሥዕሉ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ። በዓመቱም አዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ።

መጽሐፉ ውድ ነው ካላችሁ፣ አምስት ቤተሰብ አንድ አንድ ገዝቶ ይለዋወጥ። ስታነቡላቸውም አትቸኩሉ፤ ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት "አሁን ምን የሚሆን ይመስልሃል?" በሉ። መልሱ በእንግሊዝኛ ቢመጣም አትቆጡ፤ እናንተ በአማርኛ ድገሙለት።